አራቱ የስፌት መኪና ከመገዛቱ በፊት

ከሐዋሳ የደረሰን ደብዳቤ እንዲህ ይላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የ26 ዓመት ሴት ነኝ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሦስት ዓመት ሸሚዝ ስሰፋ ቆይቼ ወጣሁና ትንሽ ሱቅ ተከራይቼ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመርኩ። ያለኝ አንድ የእግር ሲንጀርና አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። የጨርቅ ጠርዝ የሚጨርሰው መኪና፣ ኦቨርሎክ፣ ስለሌለኝ ጠርዙን የማስጨርሰው ሌላ ሱቅ ወስጄ፣ ወረፋ ጠብቄ ነው። ነሐሴና ጳጉሜ እንቅልፍ የለኝም፤ ኅዳር ላይ ደግሞ ሥራ ፈትቼ እውላለሁ። ባለፈው ነሐሴ ጨርቅ መግዣ አጥቼ ብዙ ወላጆች መልሻለሁ። ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራው አክስቴ ያጠራቀመችውን 400 ሺህ ብር ልላክልሽ ትለኛለች። በእሱ አራት የኢንዱስትሪ መኪና ገዝቼ ሰፋ ያለ ሱቅ ልከራይ አስቤያለሁ። ሠራተኛ ለመቅጠር ስለማይበቃ 11ኛ ክፍል የደረሰችው ታናሽ እህቴ ትምህርቷን አንድ ዓመት አቋርጣ እንድትረዳኝ ተነጋግረናል። አንድ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ ‹ችግር ብልሃትን ይወልዳል፤ በትንሽ ካፒታል ትልቅ መሆን ይቻላል› ሲል በጣም ተናደድኩ። እውነት ነው ወይስ ለድሃ የሚሰጥ ማጽናኛ? ገንዘቡንስ ልቀበል ወይስ ልተው?»

እህቴ፣

በአሠልጣኙ መናደድሽ አይፈረድብሽም። ይህ አባባል ኪሱ ከሞላ ሰው አፍ ሲወጣ ያማል፤ ለዚያውም ጨርቅ መግዣ አጥቶ ደንበኛ የመለሰ ሰው ሲሰማው። ግን አባባሉን ከነተናጋሪው አትጣይው። ማነስ በራሱ ምንም አይወልድም፤ ቢወልድ ኖሮ በእጥረት ብቻ የተዘጉ ሱቆች በየሰፈሩ ባላየን ነበር። ማነስ የሚጠቅመው ሰውን አንድ ነገር ሲያስገድደው ነው፦ ያለው ጊዜ፣ ያለው ገንዘብና ያለው ዕቃ በየት በኩል እያለቀ እንደሆነ ቁጭ ብሎ እንዲያይ። ገንዘብ የተረፈው ነጋዴ ይህን ለማየት አይቸኩልም፤ የጎደለውን ሁሉ በግዢ ይሞላዋል። አንቺ መግዛት ስለማትችዪ ለማየት ትገደጃለሽ። ጥያቄሽን የምመልሰው ከዚህ ተነስቼ ነው።

እስቲ ደብዳቤሽን መልሰሽ አንብቢው። ጎደለኝ ያልሽው ሦስት ነገር ነው፤ ነሐሴ ላይ የጨርቅ መግዣ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ኦቨርሎክ፣ ኅዳር ላይ ሥራ። ከሦስቱ አንዱንም አራት ተጨማሪ መኪና አይሞላውም። ነሐሴ ላይ መኪናሽ ቆሞ ወላጆችን የመለስሽው ጨርቅ ስላልነበረሽ ነው፤ መኪናው ስድስት ሲሆን የሚጠይቅሽ ጨርቅም በዚያው ልክ ይጨምራል። ጠርዝ ለማስጨረስ የምትጠብቂው ወረፋ ይረዝማል። ኅዳር ላይ ደግሞ በሁለት ፈንታ ስድስት መኪና ሥራ ይፈታል፤ የሰፊው ሱቅ ኪራይ ግን በየወሩ መምጣቱን አይተውም።

ታዲያ አራት መኪና እንዴት ወደ ሐሳብሽ መጣ? እኔ እንደሚመስለኝ ሙያውን የተማርሽው ፓርክ ውስጥ ስለሆነ ነው። እዚያ አንዷ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ትሰፋለች፣ አንዷ እጅጌ ትገጥማለች፣ አንዷ ቁልፍ ትተክላለች። ትዕዛዙ በሺዎች የሚቆጠር አንድ ዓይነት ሸሚዝ ነው፤ ጨርቁ ተቆርጦ ይቀርባል፤ መኪና በተጨመረ ቁጥር ምርቱ ይጨምራል። ሦስት ዓመት ይህን ያየ ሰው ዕድገት ማለት የመኪና ብዛት ነው ብሎ ቢያስብ አይገርምም። አንቺ ሱቅ የምትመጣው ግን የሦስት ልጆች እናት ናት፤ ሁለቱ ልጆቿ አንድ ትምህርት ቤት፣ ትንሹ ሌላ፤ ቀለሙ ይለያያል፣ ልኩ ይለያያል፣ የአንዱ ሱሪ ነው የአንዷ ጉርድ ቀሚስ። ይህ ሥራ የፓርኩን አሠራር አይቀበልም፤ የራሱን መንገድ ይፈልጋል።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው መንገድ ያገኙ ሰዎች ታሪክ ልንገርሽ። ዛሬ ስሙን ሁሉም የሚያውቀው ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1950 ሊከስር አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጃፓን ከጦርነቱ ገና አላገገመችም፤ መኪና ገዢ የለም፤ ባንኮች ገንዘብ የሰጡት በብርቱ ቅድመ ሁኔታ ነው። ሽያጩ በሌላ ኩባንያ ተለይቶ ይያዝ፣ የሚሸጠውን ያህል ብቻ ይመረት፣ ሠራተኛ ይቀነስ ተባለ። ሠራተኛው አድማ መታ፤ ወደ 2 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከሥራ ወጣ፤ የመኪና ሥራውን የመሠረተው ኪይቺሮ ቶዮዳም ከኃላፊነቱ ለቀቀ። በዚያው ዓመት የአጎቱ ልጅ ኤይጂ ቶዮዳ የፎርድን ፋብሪካ ለማየት ወደ አሜሪካ ሚሺጋን ሄደ።

የአሜሪካኖቹ አሠራር አንቺ ፓርክ ውስጥ ያየሽው ዓይነት ነው፣ እጅግ በገዘፈ መልኩ። ቆርቆሮ ጨፍልቆ የበርና የጣሪያ ቅርጽ የሚያወጣው ከባድ ማሽን ፕሬስ ይባላል። ቅርጹን የሚሰጠው ብረት ሲቀየር ሌላ ዕቃ ያመርታል፤ ቶን የሚመዝነውን ያንን ብረት መቀየር ግን የባለሙያ ሥራ ነበር፣ አንድ ሙሉ ቀን የሚፈጅ። ስለዚህ አሜሪካኖቹ ብዙ ፕሬስ ገዝተው እያንዳንዱን ለአንድ ዕቃ ብቻ ይመድቡት ነበር፤ ወራት ሙሉ፣ አንዳንዴም ዓመታት ሳይቀየር አንድ ነገር ብቻ ይጨፈልቃል። ቶዮታ ይህን ሊያደርግ አልቻለም። ከ1937 እስከ 1950 ድረስ የሠራው የቤት መኪና 3 ሺህ እንኳ አይሞላም፤ ያን ያህል ፕሬስ የሚገዛበት ገንዘብም ሆነ ያን ያህል ዕቃ የሚወስድለት ገበያ አልነበረውም። ባሉት ጥቂት ፕሬሶች የመኪናውን አካል ሁሉ ማውጣት ነበረበት።

ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ትኩረቱን ቅየራው ላይ አደረገ። ማሽኑ ሳይቆም አስቀድሞ ሊዘጋጅ የሚችለው የትኛው ነው? ብረቱን በተሽከርካሪ አስገብቶ ማውጣት አይቻልም ወይ? ባለሙያ ከመጠበቅ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው ራሱ ለምን አይቀይረውም? ከዓመታት ልፋት በኋላ፣ ወደ 1950ዎቹ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ቀን የሚፈጀው ቅየራ 3 ደቂቃ ገባ። ከዚያ ማንም ያልጠበቀው ነገር ታየ። በትንሽ በትንሹ እየቀያየሩ ማምረት በጅምላ ከማምረት ይልቅ በአንድ ዕቃ የሚወጣውን ወጪ ቀነሰው። ምክንያቱም መጋዘን ውስጥ የተከማቸ ዕቃ የለም፣ በዕቃው ውስጥ የታሰረ ገንዘብ የለም፣ ስህተት ሲፈጠርም ሺህ ዕቃ ከመበላሸቱ በፊት ወዲያው ይታያል። በኋላ ዓለም ሁሉ፣ አሜሪካኖቹን ጨምሮ፣ ይህን አሠራር ሊማር ወደ ጃፓን ሄደ።

አንድ ነገር ግን መዝለል አልፈልግም፤ ብዙ አሠልጣኞች ስለሚዘሉት። ቶዮታን በ1950 ከሞት ያተረፈው ብልሃቱ አልነበረም። በዚያ ክረምት የኮሪያ ጦርነት ተነሣና የአሜሪካ ጦር የጭነት መኪና አዘዘ። እጥረቱ ዘዴውን አስገኘ፣ ትዕዛዙ ደግሞ ዘዴው እስኪበስል ድረስ ቤቱን አቆመው። ትዕዛዝ ባይመጣ ኖሮ ብልሃቱም አብሮ ይቀበር ነበር። ስለዚህ «ብልሃተኛ ሁኚ» ብሎ ብቻ የሚያሰናብትሽን ሰው «ትዕዛዙስ ከየት ይመጣል?» ብለሽ ጠይቂው።

ወደ ሱቅሽ ልመለስ። የአንቺ መኪና በሥራ ሰዓት ስንቱን ጊዜ እየሰፋ ነው የሚውለው? አንድ የተማሪ ደብተር ግዢና ለአንድ ሳምንት ጻፊ። መኪናው የቆመበትን ጊዜና ያቆመውን ምክንያት ብቻ መዝግቢ፤ ክር ስቀይር፣ ልክ ስወስድ፣ ዚፕ ልገዛ ስወጣ፣ ኦቨርሎክ ወረፋ ስጠብቅ፣ መብራት ሲጠፋ። የምታገኚው ውጤት ያስደነግጥሻል ብዬ እጠብቃለሁ። ብዙ የስፌት ሱቆች ውስጥ የማየው መኪናው ከሚሰፋበት ይልቅ የሚጠብቅበት ጊዜ ሲረዝም ነው።

የሚቆምበት ምክንያት ከታወቀ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 8ኛ ክፍል ላለው ልክ የካርቶን ፓተርን፣ ማለትም የመቁረጫ ናሙና፣ አንዴ ቆርጠሽ ግድግዳ ላይ ስቀዪ፤ ከዚያ በኋላ ልክ መውሰድ ማለት የትኛው ፓተርን እንደሚሆን መምረጥና ርዝመቱን ማስተካከል ብቻ ይሆናል። ሁለት መኪና ካለሽ አንዱን በአንድ ትምህርት ቤት ክር ቀለም፣ ሌላውን በሌላው አስሪና ሥራውን በቀለም ለይተሽ አሰልፊ። ጨርቁን ደራርበሽ መቁረጥ ከፓርኩ የምታውቂው ነገር ነው፤ እሱን ብቻ ከዚያ አምጪው። መብራት ሲጠፋ የእግር ሲንጀሩ ላይ የሚሠራ የተቆረጠ ሥራ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ባለ ስድስት የኤሌክትሪክ መኪናው ጎረቤትሽ መብራት ሲጠፋ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ አንቺ ትሰፊያለሽ።

የጨርቁ መግዣ ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል፤ ከሁሉም በላይ ልታስቢበት የሚገባውም እሱ ነው። ነሐሴ ላይ አንቺ ገንዘብ የለሽም፣ እናቶቹም የላቸውም። የመማሪያ ዕቃ፣ ምዝገባ፣ የበዓል ወጪ ሁሉ በአንድ ላይ ይመጣባቸዋል። ሁለታችሁም በዓመቱ በጣም በከበዳችሁ ወር ላይ ትገናኛላችሁ። ይህን ግንኙነት ወደ ሚያዝያና ግንቦት ብታመጪውስ? እናቶቹ ከሚያዝያ ጀምሮ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይክፈሉሽ፤ ልክ እንደ ዕቁብ፣ ግን የሁሉም ዕጣ ነሐሴ ላይ በዩኒፎርም የሚወጣበት። በገንዘቡ ጨርቁን ዋጋው ሳይወደድ ትገዢያለሽ፤ ስፌቱን ሰኔና ሐምሌ ላይ በተረጋጋ እጅ ትጨርሻለሽ፤ ነሐሴ ላይ የሚመጣልሽ እንግዳ ደንበኛም አይመለስም።

«ልጅ እስከ መስከረም ያድጋል» ትዪኝ ይሆናል። ያድጋል። ለዚህ ነው እናቶች ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ዩኒፎርም ገዝተው ልጁን ግማሽ ዓመት በሰፊ ሱሪ የሚያስኬዱት። አንቺ ሱሪውን ከእግሩና ከወገቡ፣ እጅጌውንም ከጫፉ በሰፊው አጥፈሽ ስፊው፤ በዓመቱ መሀል አምጪውና እፈታልሻለሁ በያት። ከባሕር ማዶ ተሰፍቶ በጅምላ የሚመጣ ዩኒፎርም እንዲህ ያለ እጥፋት አይተርፈውም፤ የጨርቅ ቁጠባ ነውና ትርፉ። ልጅ በየዓመቱ አዲስ ለማይገዛለት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደግሞም ኅዳርና ጥር ላይ ሥራ ይዞልሽ ይመጣል፤ እጥፋት መፍታት፣ ጉልበቱ የተቀደደ መጣፍ፣ ዚፕ መቀየር። ለመጣፊያው ከቁርጥራጩ ያስቀመጥሽው የዚያው ቀለም ጨርቅ አለሽ።

የሰው ገንዘብ አስቀድሞ መቀበል ዕዳ መሆኑን ግን አትርሺ። ለእሱ ብቻ የባንክ ሒሳብ ክፈቺ፣ ለእያንዳንዷ ክፍያ ደረሰኝ ስጪ፣ ከገንዘቡም ለኪራይ ወይም ለቤት ወጪ አንድ ብር አታንሺ። በመጀመሪያው ዓመት በደንብ የምታውቂያቸውን ጥቂት እናቶች ብቻ ያዢ። ከትምህርት ቤቱ የወላጅ መምህር ኅብረት ጋር ተነጋግረሽ ብትጀምሪው ደግሞ የዩኒፎርሙ ቀለም እንደማይቀየር አስቀድመሽ ታረጋግጫለሽ። ቀለሙ ከተቀየረ የተሰፋው ሁሉ ሳይሸጥ እጅሽ ላይ ይቀራል፤ ይህን ሳታጣሪ መቀስ አታንሺ። ራስሽ ዕቁብ ካለሽም ዕጣሽ ሰኔ ላይ እንዲሆን ሰብሳቢውን ጠይቂ፣ ካልሆነም ዕጣ ከደረሰው ሰው ጋር ተለዋወጪ።

ስለ ካፒታል ማነስ ሲነሣ ቤተልሔም ጥላሁን ሳትጠቀስ አትቀርም። ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ሥራዋን ከሃያ ዓመት ገደማ በፊት አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ሰፈር ውስጥ በጥቂት ሰዎች ጀመረች፤ ለሶሉ ያረጀ የመኪና ጎማ፣ ለላዩ በእጅ የተፈተለ ጥጥ እየተጠቀመች። የጎማ ጫማ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ በረባሶ ያላደረገ ገበሬና አርበኛ ጥቂት ነው። ብዙ ሰው ከታሪኳ የሚወስደው «በተጣለ ጎማ ሀብታም ሆነች» የሚለውን ነው። እኔ የምወስደው ሌላውን ነው። ጎማው ርካሽ ስለሆነ ጫማውን በርካሽ አልሸጠችውም። ቅርጹን አሳምራ፣ አጨራረሱን አጥብቃ፣ ውጭ አገር ላለ ገዢ በበይነ መረብ አቀረበችው። ቁርጥራጭና እጥፋት ስልሽ ይህን እያሰብሽ ስሚኝ። ጥገናሽን በችሮታ አትሥሪው፤ ዋጋ አውጪለት፣ ስፌቱም ከአዲሱ ልብስ ያላነሰ ይሁን።

አሁን ወደ እህትሽ እንምጣ፤ እዚህ ላይ ለስላሳ ቃል የለኝም። አታስቀሪያት። 11ኛ ክፍል የደረሰች ልጅ አንድ ዓመት አቋረጠች ማለት ከክፍል ጓደኞቿ ተለየች፣ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጅበትን ጊዜ አጣች ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ደግሞ አይመለሱም። ባለው መብቃቃት ማለት የራስሽን ጨርቅና የራስሽን ሰዓት በብልሃት መጠቀም ነው። የሌላ ሰው ዕድሜ እዚያ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ዚፕ ብትቆጥርልሽና ደብተሩን ብትይዝልሽ ክፈያት፤ ይበቃል።

ስለ ብልሃት ሲወራ የማይነገር ሌላም ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በህንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎችን ተከታትሏል። እነዚያው ገበሬዎች የማሰብ ፈተና ሁለት ጊዜ ተሰጣቸው፤ አንዱ ከምርት በፊት እጃቸው ባዶ በሆነበት ወቅት፣ ሌላው ምርቱ ተሽጦ ገንዘብ በያዙበት ወቅት። እጃቸው ባዶ ሳለ ውጤታቸው በግልጽ ዝቅ ያለ ነበር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የገንዘብ ጭንቀት ሐሳባቸውን ተሻምቶት ነው። መጠነኛ ማነስ ሰውን ያነቃል፤ እንቅልፍና እንጀራ የሚነሣ ማነስ ግን ብልሃቱንም ይወስደዋል። ስለዚህ ነሐሴ ላይ በእንቅልፍ እጦት ሆነሽ ትልቅ የገንዘብ ውሳኔ አትወስኚ። እንዲህ ያለውን ለጥቅምት አቆዪው፣ ሒሳብሽ ከተዘጋ በኋላ።

በመጨረሻ የአክስትሽ ገንዘብ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ100 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ብዙዎቹ ሻንጣ እንኳ ሳይዙ ነበር የመጡት። ሰው ቤት የምትሠራ ሴት ጡረታ የላትም፤ ያ 400 ሺህ ብር የመመለሻዋ ቀን መያዣ ነው። ልትልክልሽ ማሰቧ ፍቅሯ ነው፤ ሁሉንም አለመቀበልሽም የአንቺ ፍቅር ይሁን። ከእሷ የምትበደሪው ደህና የሆነ ያገለገለ ኦቨርሎክ የሚገዛበትን ብቻ ይሁን፤ ምክንያቱም በራስሽ ቃል እንደጻፍሽው ሥራሽን በየቀኑ የሚያቆመው እሱ ነው። ሌላ ሱቅ የምትከፍዪውን የጠርዝ ማስጨረሻ ደምሪና በስንት ወር ዋጋውን እንደሚመልስ አስይ። ወረቀት ላይ ጻፉት፣ የመመለሻውን ቀን ጥቅምት አድርጉት፣ ምስክርም ይኑረው፤ ዘመድ በመሆናችሁ አታፍሪ። ቀሪው ገንዘብ በስሟ ባንክ ውስጥ ይቀመጥ።

ሦስተኛውን የስፌት መኪና የምትገዢበት ጊዜም ሊመጣ ይችላል። ደብተሩ ላይ ሁለቱ መኪናዎች ከጠዋት እስከ ማታ ሳይቆሙ ውለው፣ ጨርቅ እያለሽ፣ ኦቨርሎኩም እያለ፣ የተቆረጠ ሥራ ተደርድሮ ሲያድር ከሳምንት ሳምንት ካየሽ ያን ጊዜ በእርግጥ የጎደለው መኪና ነው። ያኔ ለአክስትሽ ስትደውዪ ደብተሩን ከፊትሽ ዘርጊና ቁጥሩን አንብቢላት፤ ብድሩንም ያን ዓመት ከሠራሽው ላይ በምን ያህል ጊዜ እንደምትመልሺ አብራችሁ አስሉ።